የሰዓት መመዝገቢያ ኤክሴልን በእኛ ሰዓት ማሠራት፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ቅዳሜ ከሰዓት

ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ አለፍ ብሎ ወደ ኮዬ ፈጬ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ነው። በር፣ መስኮት፣ የበረንዳ ፍርግርግ ይሠራሉ። ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሰው ቁልፍ በተቀበለ ማግስት የሚሮጠው ወደነሱ ስለሆነ ሥራ አይጠፋም። የሚጠፋው መብራት ነው። ባለቤቱ የሰፈራችን ሰው ናቸው፣ ጋሼ ነው የምላቸው። ደመወዝ በደረሰ ቁጥር እሳቸውና ሰዓት ተቆጣጣሪዋ ካልኩሌተር ይዘው ቁጭ ይላሉ፣ ሲደምሩ ያመሻሉ። ኤክሴል እኮ አላቸው። «ኤክሴሉ ይዋሻል፤ እስቲ አንድ በልልኝ» አሉኝ።

ፋይሉን ከፈትኩት። ቀደም ሲል አንድ ልጅ ሠርቶላቸው የሄደ ነው። አሠራሩ መጥፎ አይደለም፦ ስም፣ መግቢያ፣ መውጫ፣ ልዩነት፣ ከታች ድምር። መዋሸቱ ግን እውነት ነው። አንድ በያጅ በሳምንቱ በድምሩ 48 ሰዓት ሠርቷል፤ ድምሩ ላይ የተጻፈው 0:00 ነው። ሌላው 53 ሰዓት ሠርቶ 5:00 ይላል። ካልኩሌተሩ ከጠረጴዛው ያልተነሳው ለዚህ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤክሴል ሰዓትን የሚያስቀምጠው የቀን ክፍልፋይ አድርጎ ነው። ሙሉ ቀን 1፣ ግማሽ ቀን 0.5፣ 6 ሰዓት ደግሞ 0.25። 48 ሰዓት ለእሱ 2 ነው፣ ሁለት ሙሉ ቀን። በተራው የሰዓት ፎርማት ሲያሳየው ሙሉ ቀኖቹን ይጥልና ትርፉን ብቻ ያወጣል፤ ትርፍ ስለሌለ 0:00። ቁጥሩ ሴሉ (ሳጥኑ) ውስጥ አለ፣ የተደበቀው ከዓይን ነው። ኤክሴል ላይ የሴሉን ፎርማት ከፍቶ የሰዓቱን ምልክት h በማዕዘን ቅንፍ [ ] ማጠር ይበቃል። ጎግል ሺትስ (የጎግሉ ኤክሴል መሰል ፕሮግራም) ላይ ከቁጥር ፎርማቶቹ ውስጥ ዱሬሽን የሚለውን መምረጥ ነው።

ክፍያውም የተበላሸው በዚሁ ነው። በሰዓት 60 ብር የሚከፈለው ሰው 9 ሰዓት ቢሠራ 540 ብር ያገኛል። ኤክሴሉ ግን 9 ሰዓትን 0.375 ብሎ ስለሚያውቀው በ60 ሲያባዛው 22 ብር ከ50 ያወጣል። በ24 ማባዛት ተረስቷል። እነሱ ደግሞ 22 ብር ከ50 ሲያዩ ኮምፒውተሩ ቫይረስ ገብቶበታል ብለው ነበር።

ያው ቅዳሜ፣ ማታ

የአንድ ወር ምዝገባ ከላይ እስከ ታች አየሁ። 8:30 አለ። 8.30 አለ። 8፡30 አለ። 830 አለ። «8:30 ጠዋት» የሚልም አለ። አምስቱም አንድ ነገር ለማለት የተጻፉ ናቸው፣ ኤክሴል ግን በሰዓትነቱ የተቀበለው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

በነጥብ የተጻፈው ተንኮለኛ ነው፣ ምክንያቱም አንዳንዴ ልክ ይመጣል። 17.30 ሲቀነስ 8.30፣ 9 ይሆናል፣ ማንም አይጠረጥርም። 17.15 ሲቀነስ 8.30 ግን 8.85 ይላል። ትክክለኛው 8 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ነው፤ 8.85 ሰዓት ግን 8 ሰዓት ከ51 ደቂቃ ነው። ሠራተኛው 6 ደቂቃ ተመረቀለት። በ17.45 ሲወጣ ደግሞ በተቃራኒው 6 ደቂቃ ይበላበታል።

የ8፡30ው ጉዳይ ይብሳል። ተቆጣጣሪዋ ስም የምትጽፈው በአማርኛ ኪቦርድ ነው። ስሙን ጽፋ ኪቦርዱን ሳትቀይር ወደ ሰዓቱ ካለፈች፣ የምትጫነው ቁልፍ የፈረንጁን : ሳይሆን የእኛን ፡ ያወጣል። ስክሪን ላይ ዓይን አይለያቸውም። ለኤክሴል ግን 8፡30 እንደ ሰው ስም ያለ ጽሑፍ ነው። መለያው አሰላለፉ ነው፦ ቁጥር በራሱ ወደ ቀኝ ይጠጋል፣ ጽሑፍ ወደ ግራ። የቀድሞው ልጅ «ስህተት ካለ ባዶ አሳይ» የሚል ፎርሙላ አስገብቶበት ነበር፤ ስለዚህ እንዲህ የተጻፈ ቀን ልዩነቱ ባዶ ሆኖ ይቀመጣል፣ ድምሩም ዘሎት ያልፋል። ሰውየው ቀኑን ሙሉ ሲበይድ ውሎ ያልመጣ ይመስላል። ስህተትን ባዶ አድርጎ መደበቅ የሚባለውን ነገር እኔ አልወደውም። ስህተት ካለ ቢጮህ ይሻላል።

እሁድ

ዛሬ ፋይሉን ሳልነካ ወረቀቱን ብቻ አየሁ። ሠራተኞቹ የሚፈርሙት በእኛ ሰዓት ነው፦ መግቢያ 2:30፣ መውጫ 11:30። ተቆጣጣሪዋ ወደ ኤክሴል ስታስገባ እያንዳንዷን በጭንቅላቷ 6 እየደመረች 8:30 እና 17:30 ታደርጋለች። ለያንዳንዱ ሰው፣ ለያንዳንዱ ፊርማ፣ በየቀኑ። ለምን ብዬ ስጠይቃት «ኮምፒውተሩ የፈረንጅ አይደል?» አለችኝ።

ኮምፒውተሩ የማንም አይደለም። የቆይታ ሒሳብ መቀነስ ነው፤ መግቢያውም መውጫውም እኩል 6 ሰዓት ከተገፉ ስትቀንሳቸው ግፊቱ ይጠፋፋል። 11:30 ሲቀነስ 2:30፣ 9 ነው። 17:30 ሲቀነስ 8:30ም 9 ነው። ልፋቱ በከንቱ ነው።

እንዲያውም በእኛ ሰዓት ይቀላል። በፈረንጅ ባለ 12 ሰዓት አቆጣጠር የቀን ሥራ ቀትርን ይሻገራል፤ ጠዋት 8 ተኩል ገብቶ 5 ተኩል የወጣ ሰው ሒሳቡ ያለ ጠዋትና ከሰዓት ምልክት አይሆንም። የእኛ ቀን ንጋት ላይ ጀምሮ ምሽት 12 ላይ ስለሚያልቅ የቀን ሠራተኛ ከመግቢያው እስከ መውጫው ቁጥሩ እየጨመረ ብቻ ይሄዳል። ሌሊቱም እንዲሁ ነው። በፈረንጁ ቀን የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ፣ የማታ ሠራተኛው መሐል ሥራ ላይ እያለ ነው። መውጫው ከመግቢያው ያንስና ልዩነቱ ከዜሮ በታች ይሆናል፤ ኤክሴል ደግሞ ከዜሮ በታች የሆነ ሰዓት ማሳየት ስለማይችል ሴሉን በ##### ይሞላዋል። ከንጋት ብትቆጥር ግን ምሽት 12 ላይ ገብቶ ንጋት 12 ላይ የሚወጣው ጥበቃ ከ12 ተነስቶ 24 ላይ ያበቃል። የሚሻገረው ነገር የለም።

ስለዚህ ሺቱ ከነገ ጀምሮ በእኛ ሰዓት ይቆጥራል። ዜሮ ማለት ንጋት።

ሰኞ ማታ

ሁለት ውሳኔ።

አንደኛ፣ ሁለት ነጥብ የሚባል ነገር አይጻፍም። የፈረንጁም የእኛም። 2:30 ከሆነ 230 ተብሎ ይጻፋል፣ 11:30 ከሆነ 1130። ከቁጥሮቹ መደዳ እጅ አይነሳም፣ የኪቦርድ ቋንቋም ለውጥ አያመጣም። ለዓይን እንዲመች ብቻ ሴሉ በሁለት ነጥብ እንዲያሳየው ፎርማት ሰጥቼዋለሁ፤ ውስጡ ያለው ግን 230 የሚባል ተራ ቁጥር ነው።

ሁለተኛ፣ የኤክሴልን የሰዓት ፎርማት ጨርሶ ተውኩት። ሁሉ ነገር በደቂቃ ነው። ኢንት እና ሞድ የሚባሉት ፎርሙላዎች ይበቃሉ፤ ኢንት ከነጥብ በፊት ያለውን ይወስዳል፣ ሞድ የማካፈል ቀሪውን ይሰጣል።

ደቂቃ = ኢንት(የገባው ቁጥር ÷ 100) × 60 + ሞድ(የገባው ቁጥር፣ 100)

230 ሲገባ 150 ይሆናል። 1130 ሲገባ 690። ልዩነቱ 540 ደቂቃ፣ 9 ሰዓት። ሙሉ ቁጥር ነው፣ ክፍልፋይ የለውም። ይሄ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም፤ 8 ሰዓት በኤክሴል ክፍልፋይ 0.3333 እያለ ማለቂያ ስለሌለው «በትክክል 8 ሰዓት ሞልቷል ወይ?» ብለህ ስትጠይቀው አንዳንዴ ለጥቂት አልሞላም ሊልህ ይችላል። 480 ግን 480 ነው። ክፍያው ላይም በ24 ማባዛት ቀረ፤ ለ60 ማካፈል ብቻ፣ ይሄንን ደግሞ ማንም ይረዳዋል።

ማስገቢያው ላይ ጥበቃ አደረግሁ፦ የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች ከ60 ማነስ አለባቸው፣ ሰዓቱም ከ1 እስከ 12። 275 ብትል አይቀበልም።

ማክሰኞ

የምሽቱ ነገር መጣ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሠራተኞቹ ወጥተው ይመለሳሉ፣ ስለዚህ በቀን ሁለት መግቢያና ሁለት መውጫ ያስፈልጋል። የዛሬውን ወረቀት እንውሰድ። 2:30 ገባ፣ 5:10 ላይ መብራት ሄደ፣ 9:40 ተመለሰ፣ ምሽት 3:20 ወጣ።

3:20 ከ9:40 ያንሳል። ተቆጣጣሪዋን ምሽት ሲሆን 12 ደምራ 1520 ብላ እንድትጽፍ ጠየቅኳት።

«አሥራ አምስት ሰዓት? ማነው አሥራ አምስት ሰዓት ላይ የሚወጣው?» ብላ ሳቀች።

እውነቷን ነው። በዚያ ላይ ስልኩን በ24 የሚያነብ ሰው 15 ሲያይ የሚመጣለት ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ከ6 መደመር አውጥቼ 12 መደመር ውስጥ ልከታት ነው እንዴ? መደመር የኮምፒውተሩ ሥራ ነው።

የማታውን ነገር ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲያውቀው የሚያደርግ አንድ እውነት አለ፦ ፊርማዎች በቅደም ተከተል ነው የሚመጡት። ከ9:40 ቀጥሎ የተፈረመ 3:20 የጠዋቱ 3:20 ሊሆን አይችልም። ቀጣዩን 3:20 ፈልግ ማለት ብቻ ነው። ሰዓቱ በ12 ሰዓት፣ ማለትም በ720 ደቂቃ ስለሚዞር፦

አሁን = ቀዳሚ + 720 − ሞድ(ቀዳሚ − የተጻፈው፣ 720)

9:40 በደቂቃ 580 ነው፣ 3:20 ደግሞ 200። 580 ሲቀነስ 200፣ 380፤ ከ720 ሲቀነስ 340። 580 ሲደመር 340፣ 920። 920 ደቂቃ ከንጋት 15 ሰዓት ከ20 ነው፣ ምሽት 3:20። ቀኑ ሲደመር፣ የጠዋቱ 160 ደቂቃ ከማታው 340 ጋር 500፣ ማለትም 8 ሰዓት ከ20።

ፎርሙላውን ከዚህ አሳጥሮ መጻፍ ይቻላል፣ ነገር ግን ባጠረው አጻጻፍ ከ12 እስከ 12 የሚያድረው ጥበቃ ዜሮ ደቂቃ ይወጣለታል። በዚህኛው ሙሉ 720 ያገኛል። ከ720 ላይ መቀነስ የመረጥኩት ለእሱ ብዬ ነው።

የቀኑ የመጀመሪያ ፊርማ ቀዳሚ ስለሌለው አንድ ዓምድ ተጨመረ፦ ቀን ወይም ማታ፣ ከዝርዝር የሚመረጥ። ቀን ከሆነ 12:15 ማለት ንጋት ላይ 15ኛዋ ደቂቃ ነው። ማታ ከሆነ 735ኛዋ።

ይሄ አሠራር አንድ አደጋ አለው። ጣት ስቶ 510 በሚለው ቦታ 110 ቢገባ፣ ሺቱ የማታ 1:10 ነው ብሎ 10 ሰዓት ከ40 ይቆጥርልሃል፣ ያውም ሳያፍር። ስለዚህ የቀን ሠራተኛ አንድ ቆይታው ከ10 ሰዓት ካለፈ ሴሉ ቀይ ይሆናል።

ረቡዕ

አጭር። ከወረቀት ወደ ሺት ስትገለብጥ በየሴሉ አይጥ መጫን አያስፈልግም። ታብ፣ ታብ፣ ታብ፣ መጨረሻ ላይ ኢንተር፤ ኢንተሩ በራሱ ወደ ቀጣዩ መስመር መጀመሪያ ይመልሳል። ከፎርሙላው ሁሉ የበለጠ ተቆጣጣሪዋ ደስ ያላት በዚህች ነው። መብራት ከ4 ሰዓት ጀምሮ የለም፣ ላፕቶፑም ሞተ። ነገ።

ሐሙስ

ምሳ። ምሳ ላይ ማንም አይፈርምም፣ ከ6 እስከ 7 እንደሆነ ይታወቃል። የቀድሞው ፋይል ከሁሉም ሰው በደፈናው 1 ሰዓት ይቀንስ ነበር፤ መብራት ሄዶ 5:10 ላይ የወጣውም፣ ከምሳ በኋላ የመጣውም እኩል ይቀነስበታል። ትክክሉ ቆይታውና የምሳ ሰዓቱ የሚደራረቡበትን ያህል ብቻ መቀነስ ነው፦

መደራረብ = ማክስ(0፣ ሚን(መውጫ፣ 420) − ማክስ(መግቢያ፣ 360))

ማክስ ትልቁን ይመርጣል፣ ሚን ትንሹን። 360 ስድስት ሰዓት ነው፣ 420 ሰባት። 2:30 ገብቶ 5:10 የወጣ ሰው ላይ ዜሮ ይሰጣል። 6:20 ላይ የወጣ ሰው ላይ 20 ደቂቃ። የሚከራከር አይኖርም።

ዓርብ ዓርብ ግን ለጁምዓ ሲባል ምሳ ከ5:30 እስከ 7:30 ነው፣ እንደ መሥሪያ ቤቶቹ። ስለዚህ 330 እና 450። ይሄን እንዲያውቅ ደግሞ ሺቱ ዕለቱን ማወቅ አለበት፣ ዕለቱን ለማወቅ ቀኑን፣ እዚህ ጋ ሌላ ጉድ አለ። ኤክሴል የእኛን ካላንደር አያውቅም። የካቲት 30ን 30/6/2018 ብለህ ብትጽፍ፣ ቀንን አስቀድሞ የሚያነብ ኮምፒውተር የፈረንጁን ጁን 30 ቀን 2018 አድርጎ ይወስደዋል። ጥቅምት 30ን 30/2/2018 ስትለው ደግሞ ፌብሩዋሪ 30 የለማ፣ ጽሑፍ አድርጎ ይተወዋል።

ከጳጉሜ በቀር የእኛ ወር ሁሉ 30 ቀን መሆኑ እዚህ ጋ ይጠቅማል። አንድ ሴል ላይ መስከረም 1 ቀን 2018ን በፈረንጁ አስቀመጥኩ፣ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025፣ ሐሙስ ነበር። ከዚያ ወርና ቀን ለየብቻ ይጻፋሉ፦ መነሻው ላይ (ወር − 1) × 30 ደምር፣ ቀን − 1 ጨምር። ጳጉሜም 13ኛ ወር ሆና ያለ ምንም ችግር ትገባለች። በየዓመቱ የሚቀየረው ያቺ አንዷ ሴል ናት።

ቅዳሜ

ትርፍ ሰዓት። ጋሼ እስካሁን ሁሉንም በአንድ ዋጋ ነው የሚያስቡት። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ላይ ይገድበዋል። ከዚያ በላይ ያለው ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ከሆነ የሰዓቱ ክፍያ በ1.5 ይባዛል፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ከሆነ በ1.75። በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5።

ይሄ የምሽት 4 መስመር በፈረንጁ 22:00 ነው፣ እስከ 6:00፤ እኩለ ሌሊት መሐሉ ላይ ስለሚገባ ፎርሙላው ለሁለት ይከፈላል። በእኛ ግን ከ960 እስከ 1440 ያለ አንድ ወጥ መስመር ነው። የምሳውን ፎርሙላ ገልብጬ ቁጥሮቹን ብቻ ቀየርኩ። አለቀ። ከንጋት መቁጠሩ ጥቅሙ እንዲህ ጎልቶ የሚታይበት ሌላ ቦታ የለም።

በአንድ ሰው ሞከርነው። 2:30 እስከ 5:10፣ ከዚያ 9:40 እስከ ምሽት 5:00። 160 ሲደመር 440፣ 600 ደቂቃ። መደበኛው 480፣ ትርፉ 120። ከትርፉ 60ው ከምሽት 4 በኋላ ነው። በሰዓት 60 ብር ቢከፈለው መደበኛው 480 ብር፣ የመጀመሪያዋ ትርፍ ሰዓት 90፣ ሁለተኛዋ 105። ድምር 675 ብር። ተቆጣጣሪዋ በካልኩሌተር አረጋገጠች፣ ተስማማ።

አዋጁ ትርፍ ሰዓትን በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት በላይ እንዳይሆን ይከለክላል። ሲያልፍ ብርቱካንማ እንዲሆን አደረግሁ። ጋሼ መጥተው ስክሪኑን አዩ።

«ይቺ ብርቱካን ምንድናት?»

ነገርኳቸው።

«እሷን ማጥፋት ይቻላል?»

«ይቻላል፣ ግን ትቆይ።» ዝም አሉ። ቆየች።

ከዚያ ደግሞ የዘገየ ሰው በሩብ ሰዓት እየተጠጋጋ ይቆረጥበት አሉ፤ 2:32 የገባ 2:45 እንደገባ ይቆጠር ማለት ነው። እኔ አልተስማማሁም። በደቂቃ የሚቆጥር ሺት ተሠርቶ ደቂቃን መብላት ምን ይባላል? የሚጠጋጋው ክፍያው መጨረሻ ላይ፣ ሳንቲሙ ብቻ ነው። ተቆጣጣሪዋም ከእኔ ጋር ሆነች፣ የሚጨቀጭቋት እሷን ነዋ።

ማክሰኞ፣ በሳምንቱ

ከማስገቢያዎቹ በስተቀር ሁሉንም ሴል ቆለፍኩ። ፎርሙላ ላይ ቁጥር እየተጻፈበት እንደነበር የድሮው ፋይል ይመሰክራል። የፓስወርዱ ወረቀት ጋሼ መሳቢያ ውስጥ ነው።

ጎግል ሺትስ ላይ ለተቆጣጣሪዋ አንድ ኮፒ ጫንኩላት፣ መብራት ከሌለ በስልኳ ታስገባለች። ፎርሙላዎቹ ምንም ሳይነኩ ሠርተዋል፤ ሰዓት ሳይሆን ተራ ቁጥር ስለሆኑ የሁለቱ ፕሮግራሞች የፎርማት ልዩነት አይነካቸውም።

የቀረው የበዓል ዓምድ ነው። ጥምቀት ቀኑ ስለሚታወቅ አንዴ ይጻፋል፤ ትንሣኤ በየዓመቱ ይቀያየራል፣ ኢዶቹ ደግሞ ጨረቃ ናት የምትወስናቸው። አሁን ለጊዜው ተቆጣጣሪዋ ዕለቱ ላይ «በዓል» ብላ ከዝርዝር ትመርጣለች፣ ሺቱ ትርፍ ሰዓቱን በ2.5 ያባዛል። ጥበቃዎቹ ተራ ተቀያይረው 24 ሰዓት የሚያድሩበት ቀን አለ፤ እሱን ምሽት 12 ላይ አንዴ አስፈርሞ ለሁለት መክፈል ይበቃል ብዬ አስባለሁ፣ ሐሙስ ከነሱ ጋር ተቀምጠን እንሞክረዋለን።